ከጥሬ ቡና ስምንት ኪሎ፦ በአንድ የተሻረ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ዘንድ እንደ በሽታ መታየት የጀመረው ዘግይቶ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት ስለ ማራስመስና ስለ ኳሽዮርኮር ነበር፤ የአገሪቱ ችግር ያ ነበርና አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ የሥነ ሕዝብና የጤና ቅኝቶች እንዳመለከቱት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ የነበሩ ሲሆን በ2016 8 በመቶ ደርሰዋል፤ ከተሞች ለብቻቸው ሲታዩ ደግሞ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ናት። በመሆኑም በከተማ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ክፍል የሚሠራ ባለሙያ፣ ታካሚው ከቦርሳው አውጥቶ «ይህንስ ልውሰደው ወይ?» የሚልበትን ጠርሙስ ማየት እንግዳ አይሆንበትም። በጠርሙሱ ላይ ቅጠል ወይም ፍሬ ተሥሏል፤ «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል ሰፍሯል፤ አንዳንዴም «በጥናት የተረጋገጠ» የሚል ይከተላል።

ሥዕሉና «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል የነጋዴ ሥራ ስለሆኑ ብዙ አያከራክሩም። «በጥናት የተረጋገጠ» የሚለው ግን የሕክምናን ሙያ ስም ይዞ የሚነገር በመሆኑ፣ ተጠያቂነቱ ወደ ሙያው ራሱ ይመለሳል። ጥናቱን ማን ሠራው? ማንስ ገምግሞ አሳተመው? አንብቦ ያመነውስ ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር እዚህ የተመረጠው ምሳሌ የጥሬ ቡና ንጥር ነው። ጉዳዩ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በአደባባይ ሰነድ የተመዘገበ ነው። ከዚህም በላይ ቡናን ከነቅጠሉ፣ ከነገለፈቱና ከነፍሬው ለሚያውቅ አንባቢ፣ የተባለውን ነገር ከዕለት ተዕለት ልማዱ ጋር ማመዛዘን ይቀለዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2012 «ዳያቤቲስ፣ ሜታቦሊክ ሲንድረም ኤንድ ኦቢሲቲ» በተባለ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ አንዲት አጭር የምርምር ጽሑፍ ወጣች። ጥናቱ የተካሄደው ሕንድ ውስጥ ሲሆን፣ ወጪውን የሸፈነው ንጥሩን የሚያመርተው አፕላይድ ፉድ ሳይንስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 16 ጎልማሶች ለ22 ሳምንታት ተከታትለዋል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ለስድስት ሳምንት በቀን 1,050 ሚሊ ግራም ንጥር፣ ለስድስት ሳምንት 700 ሚሊ ግራም፣ ለስድስት ሳምንት ደግሞ ፕላሲቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ካፕሱል፣ በየተራ እንዲወስድ ተደርጓል ተባለ፤ በየመካከሉም የሁለት ሳምንት ማረፊያ ነበር። ውጤቱ አስገራሚ ሆነ። ተሳታፊዎቹ በአማካይ 8 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከሰውነታቸው ክብደት 10 በመቶ ያህል ቀነሱ። አመጋገባቸው ግን አልተለወጠም ተብሎ ተጽፏል።

ጽሑፏን ዛሬ ደግሞ የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው የቁጥር ማነስን ነው። አሥራ ስድስት ሰው በሦስት ተራ ሲከፈል ለእያንዳንዱ አምስት ሰው ያህል ይደርሰዋል። አምስት ሰው ደግሞ በአንድ ሰው የወባ ትኩሳት ወይም በአንድ ሰው ሠርግ አማካዩ የሚናወጥ ቡድን ነው። ይህ ግን ከጉድለቶቹ ትንሹ ነው፤ አነስተኛ ጥናት ሁሉ ሐሰት አይደለምና።

የሚበልጠው ጉድለት በንድፉ ውስጥ አለ። አንዱ ተሳታፊ ሁሉንም ዓይነት ካፕሱል በየተራ እንዲወስድ ማድረግ፣ የመድኃኒቱ ውጤት ካቆመ በኋላ ወዲያው ለሚጠፋ ነገር ተገቢ ዘዴ ነው፤ ለምሳሌ ለደም ግፊት ወይም ለራስ ምታት። ክብደት ግን እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር አራት ኪሎ የቀነሰ ሰው በሁለት ሳምንት ማረፊያ አራት ኪሎውን መልሶ አያገኝም። ስለሆነም ሁለተኛውን ዙር የሚጀምረው ሌላ ሰው ሆኖ ነው ማለት ይቻላል። የፕላሲቦው ስድስት ሳምንት ከንጥሩ በኋላ ሲመጣና ከንጥሩ በፊት ሲመጣ አንድ አይደለም። ይህን የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሳይጠሩ፣ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሊያስተውለው የሚችል ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ለመታየት እርሳስና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያከማቻል። ስምንት ኪሎ ስብ 61,600 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ተሳታፊዎቹ ንጥሩን የወሰዱት በሁለት ዙር ለ12 ሳምንታት፣ ማለትም ለ84 ቀናት ብቻ ነው። ስለዚህ ንጥሩ በየቀኑ 730 ኪሎ ካሎሪ ያህል ማቃጠል ወይም ሳይፈጭ ከሰውነት ማስወጣት ነበረበት። ይህ ለአንድ ጎልማሳ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጣን የእግር ጉዞ ነው። የጠፋው ክብደት ሁሉ ስብ አይደለም ቢባልና ሒሳቡ በግማሽ ቢቀነስ እንኳ፣ አመጋገቡን ያልለወጠ ሰው በየቀኑ የአንድ ሰዓት ጉዞ ያህል ኃይል ሳይደክም፣ ሳያልበው፣ የልብ ምቱም ሳይፈጥን አጠፋ ማለት ነው። የጽሑፏ ገምጋሚዎችና የመጽሔቱ አርታኢዎች ይህን ሒሳብ ሠርተው ቢሆን ኖሮ ሊያልፏት ባልቻሉ ነበር።

ሠሪው ነው የተባለው ውሁድ ክሎሮጀኒክ አሲድ ይባላል። በቡና ፍሬ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ያልተቆላ ፍሬ ከደረቅ ክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው እርሱ ነው። ሲቆላ ግን ይፈራርሳል። ፈካ ብሎ የተቆላ ቡና ከፊሉን ያስቀራል፤ ዘይቱ እስኪወጣ የጠቆረው ደግሞ አብዛኛውን አጥቶታል። ነጋዴዎቹ «ጥሬ» የሚለውን ቃል የያዙት ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ የተናገሩት እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ሐሰት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል። ውሁዱ በቤተ ሙከራ ሲታይ ጉበት ስኳር ወደ ደም የሚለቅበትን የኢንዛይም ሥርዓት የመግታት ጠባይ ታይቶበታል። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ከሚገኘው መጠን እስከ ታካሚው ጉበት ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት እንደታየው፣ ከሚዋጠው ክሎሮጀኒክ አሲድ በትንሹ አንጀት የሚመጠው ሲሶው ያህል ሲሆን፣ የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ በባክቴሪያዎች ወደ ሌሎች ውሁዶች ይለወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የጥናቱ ጸሐፊዎች ጨርሶ ያልነኩት ነው። በቀን 1,050 ሚሊ ግራም ንጥር ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ግማሽ ያህሉ ነው። አንድ ሲኒ ቡና እንደ ዝርያው፣ እንደ አቆላሉና እንደ አፈላሉ ከ70 እስከ 350 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ፈካ ያለ ቡና በቀን ሦስትና አራት ሲኒ የሚጠጣ ሰው፣ ካፕሱሉን ከሚውጠው ያላነሰ ውሁድ ያገኛል። ፊንላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ናቸው፤ የሚወዱትም ፈካ ብሎ የተቆላውን ነው። ሆኖም ከፊንላንድ ጎልማሶች ሩብ ያህሉ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለባቸው። ግማሽ ግራም ክሎሮጀኒክ አሲድ በቀን 700 ኪሎ ካሎሪ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያች አገር ወፍራም ሰው ለማየት የሚያስፈልገው ጎብኚ ማስመጣት ነበር።

የጽሑፏ የኋላ ታሪክ የታወቀው ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። በሚያዝያ 2012 ንጥሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተመልካቾች ባሉት የዶክተር ኦዝ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቦ ተወደሰ። ትዕይንቱ ከተላለፈ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ካፕሱሉን የሚሸጡ አዳዲስ ድርጅቶች ተፈለፈሉ። በሰኔ 2014 የአሜሪካ ምክር ቤት ሴናተር ክሌር ማካስኪል አቅራቢውን ሐኪም በይፋ ጠርተው ስለ ውዳሴው ጠየቁት። በመስከረም 2014 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በአምራቹ ኩባንያ ላይ ያቀረበውን ክስ ይፋ አደረገ፤ ኩባንያውም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በኮሚሽኑ ክስ መሠረት የጥናቱ ዋና መርማሪ የተሳታፊዎቹን ክብደትና ሌሎች መለኪያዎች ደጋግሞ ለውጧል፤ የጥናቱን ርዝመት ቀይሯል፤ ፕላሲቦ የወሰደውና ንጥሩን የወሰደው ማን እንደሆነም አዛብቶ አቅርቧል። መርማሪው ጽሑፉን የሚያትምለት ሲያጣ፣ ኩባንያው ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ቀጥሮ አስጻፈው። እነርሱም እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ እየደረሳቸው እውነተኛነቱን ሳያጣሩ ጻፉት። በጥቅምት 2014 ሁለቱ ተመራማሪዎች፣ ስፖንሰሮቹ የመረጃውን ትክክለኛነት ሊያረጋግጡ አልቻሉም በማለት ጽሑፋቸውን ሻሩ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለሐኪም ይበልጥ የሚያሳስበው የመርማሪው ማጭበርበር አይደለም፤ አጭበርባሪ በየትኛውም ሙያ አለ። የሚያሳስበው፣ ታካሚ ያላዩ፣ ሚዛን ያልያዙ፣ የመዝገብ ካርድ ያልገለጡ ሰዎች በጽሑፍ ላይ ስማቸውን ማኖራቸው ነው። በኢትዮጵያም ቢሆን የምርምር ጽሑፍ ለደረጃ ዕድገት መመዘኛ በመሆኑ፣ ውሂብ ሳይመለከቱ ስምን ማስገባት ፈጽሞ የማይታወቅ ነገር ነው ብሎ የሚምል ባለሙያ ጥቂት ነው። የሁለቱ ተመራማሪዎች ጥፋት ከሩቅ አገር የመጣ ተረት ሆኖ እንዳይነበብ ይህን መጥቀስ ያስፈልጋል።

ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ሌላም አለ። የተሻረችው ጽሑፍ ብቸኛዋ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ በጥሬ ቡና ንጥር ላይ የተደረጉ ሦስት ጥናቶችን አጠቃልሎ፣ ንጥሩን የወሰዱት ከፕላሲቦ ወሳጆች በአማካይ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል አብልጠው እንደቀነሱ አግኝቷል። ነገር ግን ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ሦስቱም ጥናቶች የጥራት ደረጃቸው ዝቅተኛ፣ ውጤታቸውም እርስ በርሱ የተራራቀ መሆኑን አስፍረዋል። ቡና ራሱም ቢሆን አይወቀስም። በብዙ አገሮች ለዓመታት የተደረጉ ክትትሎች ቡና ጠጪዎች፣ ካፌን የወጣለትንም የሚጠጡትን ጨምሮ፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ አሳይተዋል። ይህ ምክንያትና ውጤትን ባያረጋግጥም፣ ቡና የለመደ ታካሚን «ተው» ለማለት ምክንያት እንደሌለ ያስረዳል፤ የሚጨመርበት ስኳር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌሎቹ የዕፅዋት ውሁዶች ሲመረመሩ መልኩ ብዙም አይለይም። ጋርሲንያ ካምቦጂያ ከሚባለው የእስያ ፍሬ የሚነጠረው አሲድ በ1998 በ135 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንታት ተፈትኖ ነበር፤ ንጥሩን የወሰዱት 3.2፣ ፕላሲቦ የወሰዱት 4.1 ኪሎ ግራም ቀነሱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም አልነበረውም፤ ካፕሱሉ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። በአረንጓዴ ሻይ ላይ ኮክሬን በ2012 ያወጣው ግምገማ፣ ከጃፓን ውጭ በተደረጉ ጥናቶች የተገኘውን አማካይ ልዩነት 0.04 ኪሎ ግራም አድርጎታል። ይህም 40 ግራም መሆኑ ነው። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብዙ ሺህ ጽሑፍ የተጻፈለት ቢሆንም፣ በ2017 የወጣ ሰፊ የኬሚስትሪ ግምገማ ውሁዱ በሰውነት ውስጥ የማይረጋና በቀላሉ የማይመጠጥ መሆኑን አሳይቷል።

በርበሬና ሚጥሚጣ ለብቻቸው ቢታዩ ይገባል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በነርቭ ጫፎች ላይ ያለውን የሙቀት ተቀባይ ይነካል። ይህ ተቀባይ በ1997 የተለየ ሲሆን፣ ዴቪድ ጁሊየስ በዚህ ሥራው የ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ስለዚህ ሳይንሱ የጠነከረ ነው፤ ውሁዱ የሰውነትን ሙቀትና የኃይል ወጪ በእርግጥ ከፍ ያደርጋል። መጠኑ ግን በቀን 50 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ቀዩን ወጥ የሠራች ሴት በርበሬው የሚያቃጥለውን ከሁለት እጥፍ በላይ በአንድ ማንኪያ ዘይት መልሳለች፤ የወጥ ዘይት ደግሞ በአንድ ማንኪያ እንደማይቆም ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ሲባል ዕፅዋት ክብደት የሚቀንስ ኃይለኛ ውሁድ አይሰጡም ማለት አይደለም። ይሰጣሉ፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይጠነክራል። ኤፌድራ የተባለው ተክል ኤፌድሪን የያዘ ሲሆን፣ በ2003 የወጣ ትልቅ ግምገማ ወሳጆቹ ከፕላሲቦ ይልቅ በወር 0.9 ኪሎ ግራም ያህል አብልጠው እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። በዚያው ግምገማ የልብ ትርታ መዛባት፣ የመረበሽና የአእምሮ ችግር ስሞታዎች ከሁለት እስከ ሦስት ተኩል እጥፍ ጨምረው ተገኙ። በዚያው ዓመት የባልቲሞር ኦሪዮልስ የቤዝቦል ተጫዋች ስቲቭ ቤክለር በ23 ዓመቱ በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ሞተ፤ ኤፌድራ ይወስድ እንደነበረም ታወቀ። አሜሪካ በ2004 ኤፌድሪን ያለባቸውን የምግብ ማሟያዎች ከገበያ አገደች። የኢትዮጵያ ባለሙያ የዚህን ተክል ጠባይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። በጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን የኤፌድሪን የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ ካቲን በአንዳንድ አገሮች የምግብ ፍላጎት መቀነሻ መድኃኒት ሆኖ ተሽጧል። ቃሚው ምሳውን እንደሚዘለው፣ ሌሊት እንደማይተኛው፣ የደም ግፊቱም እንደሚጨምር የምሥራቁን ክፍል የሚያውቅ ነርስ ሁሉ ይመሰክራል። ቀጭን ሆኗልና ጫት ለውፍረት ይታዘዝለት የሚል ግን የለም።

ውጤት የሌለው ካፕሱልም ቢሆን ጉዳት አልባ ነው ማለት አይደለም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንደገለጸው፣ ከአረንጓዴ ሻይ የሚነጠረው ካቴኪን በማሟያ መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ማድረጉ ታይቷል። በሙቅ ውኃ የተዘጋጀው ሻይ ግን በአጠቃላይ ይህ ሥጋት የለበትም። አንዱ ውሁድ ከሻይ ብርጭቆ ወደ ካፕሱል ሲሸጋገር ጠባዩ የተለወጠ ያህል ነው፤ የተለወጠው ግን መጠኑና አወሳሰዱ ነው። ከዚህም የከፋው በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት የልብ ድካምና የአንጎል ምት ሥጋት ስላስከተለ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ በርካታ ምርቶች ውስጥ ይህንኑ መድኃኒት ተደብቆ አግኝቶታል። ስለሆነም ታካሚው «ይኸኛው ግን በእርግጥ ሠራልኝ» ሲል፣ ባለሙያው ከመደሰቱ በፊት የደም ግፊቱን ቢለካው መልካም ነው።

የተሻረችው ጽሑፍ ያቀረበችው 10 በመቶ ምን ያህል ግዙፍ እንደነበር ለመገመት አንድ መለኪያ ይበቃል። ሴማግሉታይድ በመርፌ ሲሰጥ በ2021 በወጣው ዋና ጥናት ታካሚዎች በ68 ሳምንታት ከክብደታቸው 14.9 በመቶ ቀንሰዋል፤ ፕላሲቦ የወሰዱት 2.4 በመቶ። ጥናቱ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ነበር። ለብዙው ኢትዮጵያዊ ታካሚ ዋጋው ስለማይቀመስ፣ ካፕሱሉ የሚያማልለውም በዚህ ክፍተት ነው።

እንግዲህ ዕፅዋት በውፍረት ሕክምና ውስጥ ቦታቸው የት ነው? በሳህን ላይ ነው ቢባል ከመረጃው አይርቅም፤ እዚያም ቢሆን ተአምር አይጠበቅም። በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ 940 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 21 ጥናቶች አጠቃልሎ፣ በቀን 130 ግራም ያህል የበሰለ ጥራጥሬ የሚበሉ ሰዎች በስድስት ሳምንት 0.34 ኪሎ ግራም አብልጠው እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ትንሽ ነው፤ ግን ሐቀኛ ቁጥር ነው፤ ጉበት አይጎዳም፤ ከቤት አይጠፋም። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ክብደትን የሚረዱት በውስጣቸው ስሙ ረጅም የሆነ ውሁድ ስላለ ብቻ አይደለም። አሰራቸው ሆድን ይሞላል፤ ፕሮቲናቸው ጥጋብን ያቆያል፤ ከሁሉ በላይ የሌላ ምግብ ቦታ ይይዛሉ። ንጥሩን አውጥቶ ቀሪውን መጣል ይህን ሁሉ መጣል ነው። በዚህ ረገድ የጾም ምግብ ብዙ ጊዜ ያለ መጠን ይወደሳል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከግማሽ የማያንሰውን ጊዜ ከእንስሳት ተዋጽኦ ይርቃል፤ ያ ማለት ግን ጉልበት ሰጪ ምግብ ቀነሰ ማለት አይደለም። በዘይት የተንቆጠቆጠ ሽሮ፣ የተጠበሰ ድንችና ሳምቡሳ ሁሉም ጾም ናቸው። ለታካሚው «የጾም ምግብ ብላ» ብሎ የሚያሰናብተው ባለሙያ ምክር አልሰጠም፤ የዘይቱን ልክ ጠይቆ የሚነግረው ግን ሰጥቷል።

የአገር ውስጡ ገበያም ከዚህ ሂስ ውጭ አይቆይም። ሽፈራው የተባለውን ዛፍ የኮንሶ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ እንደ ጎመን ቀቅሎ ይበላዋል፤ ለምግብነቱ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶና ታሽጎ ለስኳር፣ ለግፊትና ለውፍረት ተብሎ በከተማ ይሸጣል። ስለ ዝርያው የወጡት ማስረጃዎች በአብዛኛው በአይጥ ላይ የተደረጉ ናቸው። አደጋው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ታካሚው በቅጠሉ ምክንያት ሜትፎርሚን ሲያቆም ነው። የሚገርመው ነገር ሜትፎርሚን ራሱ የዘር ሐረጉ ከተክል የሚመዘዝ መሆኑ ነው። ጋሌጋ በተባለ የአውሮፓ ተክል ውስጥ የተገኘው ጋሌጂን መርዛማነቱ ስላስቸገረ፣ ኬሚስቶች ዘመዶቹን ሠርተው ሲፈትሹ ቆዩ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ሜትፎርሚን ለስኳር ሕሙማን የሰጠበትን ውጤት አሳተመ። ከተክሉ እስከ መድኃኒቱ ያለው ሥራ፣ መርዙን ለይቶ መጠኑን መወሰንና በሰው ላይ በሐቅ መለካት ነበር። በጥሬ ቡናው ካፕሱል ታሪክ የተዘለለው ይህ ሥራ ነው።

በክትትል ክፍል ውስጥ ያለው ባለሙያ ለዚህ ሁሉ ክርክር ጊዜ የለውም፤ ከበር ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። ቢሆንም ጠርሙሱን ይዛ የመጣችውን እናት «ይህ የማይረባ ነገር ነው» ብሎ መመለስ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሱን ቤት እንድታስቀምጠው ከማድረግ በቀር አያተርፍም። ምናልባት ባሕር ማዶ ያለች ልጇ የላከችላት ይሆናል፤ ሲናቅባት የሚናቀው ካፕሱሉ ብቻ አይደለም። ክብደቷንና የወገቧን ዙሪያ ለክቶ መመዝገብ፣ የሌላ መድኃኒቷን አወሳሰድ መጠየቅ፣ ካቆመችው ለምን እንዳቆመች ማዳመጥ ይቀድማል። መውሰዱን ካልተወች፣ ከሦስት ወር በኋላ ሚዛኑን አብረው እንዲያዩት መቀጠር ይቻላል፤ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቅ እንድትመጣ ይነገራት። የጠርሙሱ ስም፣ በላዩ የተጻፉት ይዘቶችና መውሰድ የጀመረችበት ቀን በካርዷ ላይ ይስፈር፤ በዚያ ሌሊት ተረኛ የሚሆነው ሐኪም የሄፓታይተስ ምርመራዋ ሁሉ ነጻ ሆኖ ሲያገኘው የሚያነበው ያንን መስመር ነው።